የፒለስ ፕሮቲን ዝቃጭ ውስጥ ሲቀር

ባክቴሪያው በደንብ አድጓል። ፕሮቲኖችን በመጠን የሚለየው ጄል ላይ ወፍራም መስመር ይታያል። ሴሉን ሰብራችሁ በሴንትሪፊዩጅ ስታዞሩት ግን ፕሮቲኑ በሙሉ ዝቃጩ ውስጥ ነው። የፒለስ (ባክቴሪያ ሌላ ሴል ላይ የሚጣበቅበት ፀጉር መሰል ክር) ፕሮቲን የሚሠሩ ሰዎች በብዛት የሚያመጡልኝ ችግር ይኸው ነው።

ሁሉም መጀመሪያ የሚነካካው ሙቀቱን ነው። ከ37 ወደ 18 ዲግሪ ያወርዳል፤ ባክቴሪያው ፕሮቲኑን ማምረት እንዲጀምር የሚጨመረውን ኬሚካል፣ አይፒቲጂውን፣ ይቀንሳል። አንዲት ተማሪ ሦስት ሳምንት በዚህ ስትለፋ አይቻለሁ። የምታመርተው ሙሉውን ፊም-ኤች ነበር፣ ያለ ምንም ረዳት። ፊም-ኤች ፒለሱ ጫፍ ላይ ሆኖ ማኖስ የተባለውን ስኳር የሚይዘው ፕሮቲን ነው። እሱ ደግሞ በሙቀት ማስተካከል አይድንም።

ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ዓይነት 1 ፒለስ ክፍሎች (ፒለሱ የሚገጣጠምባቸው ፕሮቲኖች) ሲፈጠሩ ጎዶሎ ናቸው። የፒሊን ክፍላቸው የመጨረሻው ቤታ ክር (የተዘረጋ የፕሮቲን ሰንሰለት ቁራጭ) የለውም። ክፍተቱን መጀመሪያ ፊም-ሲ የተባለው አጋዥ ፕሮቲን በራሱ ክር ይደፍነዋል። ፒለሱ ሲገጣጠም ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ክፍል ጫፉን ያውሰዋል። የሚያውሰው ያጣ ፕሮቲን እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ወይም የሴሉ ኤንዛይሞች ይበሉታል።

ስለዚህ ጥያቄያችሁ ማኖስ መያዙ ብቻ ከሆነ፣ ማኖስ የሚይዘውን የፊት ክፍል ለብቻው አምርቱ። እሱ ራሱን የቻለ ነው። ሙሉው ካስፈለገ ከፊም-ሲ ጋር አንድ ሴል ውስጥ አምርቱት። የፒለሱን ዘንግ የሚሠራው ፊም-ኤ ከሆነ የጎደለውን ክር በአጭር ማያያዣ ጅኑ መጨረሻ ላይ ቀጥሉለት። ሁሉንም ወደ ፔሪፕላዝም (በባክቴሪያው ሁለት ሽፋኖች መካከል ያለው ቦታ) ላኩ፤ ፕሮቲኑን የሚያጸናው የሰልፈር ትስስር፣ የዲስልፋይድ ቦንዱ፣ የሚታሰረው እዚያ ነው። ዝቃጩን በዩሪያ አሟሙቶ መልሶ ማጠፍ ላይ ግን አትቸኩሉ። ፈሳሹ ጠራ ማለት ፕሮቲኑ ታጠፈ ማለት አይደለም!

የሌላ ዓይነት ፒለስ ክፍል፣ ዓይነት 4 ፒሊን፣ ከሆነ ሽፋን ውስጥ የሚሰካውን ዘይታማ የፊት ጫፍ፣ 28 ያህል አሚኖ አሲድ፣ ቁረጡት።

ሁለተኛው ጣጣ ታግ ነው፤ ፕሮቲኑን ለማጣራት የሚቀጠልለት አጭር መያዣ። ንጹህ ፕሮቲን፣ ጄል ላይ አንድ መስመር፣ ማኖስ ግን አይዝም። አንድ ባልደረባዬ ሁለት ወር ሙሉ የማኖሱን ጥራት ሲጠራጠር ከረመ። ጥፋቱ ቬክተሩ (ጅኑን የተሸከመው ዲኤንኤ) ይዞት የመጣው የፊት ታግ ነበር። የፊም-ኤች የመጀመሪያው አሚኖ አሲድ ፌኒልአላኒን ነው፤ ነፃው የአሚን ጫፉ ማኖስን ከሚይዙት አንዱ ነው። ከፊቱ አንድ ሜቲዮኒን እንኳ ቢቀር ሥራው ይበላሻል። እባካችሁ፣ ጅኑን ከማዘዛችሁ በፊት የቬክተሩን ካርታ አንብቡ። ታጉ ከኋላ ይሁን። ፊቱ በትክክል መቆረጡን ደግሞ በማስ ስፔክትሮሜትር አረጋግጡ።

ታጉን የሚይዘው ኒኬል ኮለም ቀለሙን ካጣ ከፔሪፕላዝም ማውጫው የተረፈ ኢዲቲኤ (ብረት የሚይዝ ኬሚካል) ኒኬሉን አጥቦታል። ናሙናውን ቀድማችሁ ዳያላይዝ አድርጉት፤ ማለትም በቀጭን ሽፋን ከረጢት አድርጋችሁ ትንንሾቹን ኬሚካሎች አስወጡ።

ለበሽታ መከላከያ ሴሎች የምትሰጡት ከሆነ ኢንዶቶክሲኑን (ከባክቴሪያው ሽፋን የሚመጣውን መርዝ) ሳታስወግዱ አትሞክሩ፤ የምታዩት ምላሽ የፕሮቲኑ ላይሆን ይችላል።

በመጨረሻ ፕሮቲኑን ከማኖስ ጋርና ያለ ማኖስ እያሞቃችሁ የሚፈታበትን ሙቀት ለኩ። ጤነኛ ፊም-ኤች ማኖስ ሲያገኝ ይበልጥ ይጸናል። ፊም-ኤች የማይዘውን ስኳር፣ ጋላክቶስንም፣ ጎን ለጎን ፈትሹ። በሁለቱም እኩል ከፍ ካለ ያያችሁት ማኖስ መያዙን አይደለም።