ሳሊኮርኒያን በሳፋ ማብቀል፦ ጨዉ መቼ ይጨመር?

ሳሊኮርኒያ በባሕር ዳር ረግረግ የሚበቅል፣ ቅጠል የሌለው የሚመስል ለምለም ተክል ነው። ግንዱ አንጓ በአንጓ የተቀጣጠለ ነው፤ ሲሰብሩት ቀጭ ይላል፣ ሲነክሱት ጨው ጨው የሚል ውሃ ያወጣል። እንግሊዞች ሳምፋየር ብለው ከዓሣ ጋር ይበሉታል። በእስራኤል የኔጌቭ በረሃም በጨዋማ ውሃ እያጠጡ ያመርቱታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጅማሬው ላይ ነው። ተክሉ ጨው ይወዳል ብሎ ከመጀመሪያው ቀን ጨዋማ ውሃ ያጠጣል፤ ዘሩም ሳይበቅል ይቀራል። አፈሩ ጨው ከበዛበት ዘሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ስለዚህ እስኪበቅል ድረስ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይስጡት።

በአውሮፓ የሚኖር ሰው በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ይዝራ። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሳፋ ታቹን ይብሱና ሁለት እጅ ኮምፖስትና አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅለው ይሙሉት። ዘሩ ደቃቅ ነው፤ ብርሃንም ይፈልጋል። አፈሩ ላይ በትነው በመዳፍ ጫን ያድርጉት እንጂ አይቅበሩት። ውሃ ከላይ ካፈሰሱበት ዘሩ ተጠርጎ አንድ ጥግ ይከማቻል፤ ሳፋውን ውሃ ባለበት ትሪ ላይ አስቀምጠው ከሥር ይምጠጥ። ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል።

ችግኙ ጥቂት አንጓ ሲያወጣ እየነቀሉ በስንዝር ርቀት ያዛውሩትና ጨዉን ያኔ ይጀምሩ፦ በግማሽ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ አዮዲን ያልገባበት የባሕር ጨው። ይህ ከባሕር ውሃ ጨዋማነት ሲሶውን ያህል ነው፤ ይበቃዋል። አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ካዩ ጨዉ ተከማችቷል ማለት ነውና በንጹሕ ውሃ አጥበው ያስወግዱት። የታጠበውን ውሃ ግን ጎመኑ ሥር አይድፉት፤ መሬቱን ያበላሻል።

ሌላው ችግር ያለጊዜው ማበብ ነው። ቀኑ ሲያጥር ተክሉ ማደጉን ትቶ ያብባል፣ መሐሉም እንጨት ይሆናል። በእስራኤል በተደረገ ሙከራ የአገሩ ዝርያ በቀን 13 ሰዓት ተኩል ብርሃን ሲያገኝ ሳያብብ ቆይቷል፤ የሰሜን አገር ዝርያ ግን ከዚያ የበለጠ ይፈልጋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ስለሆነ ማታ ማታ አምፖል ማብራት ግድ ይላል።

15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ከሥሩ አራት ጣት ትተው በመቀስ ይቁረጡ፤ መልሶ ያቆጠቁጣል። በፈላ ውሃ ለአንድ ደቂቃ ነከር አድርገው ያውጡና በቅቤ፣ በጾም በዘይትና በሎሚ ይብሉት። ጨው አይጨምሩበት፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ ጥቂት ብቻ ይቅመስ።