ደረሰኝ ብቻውን አይበቃም፦ በግላችን ለምንሠራ ሰዎች የመኪና ወጪ አያያዝ

የልብስ ማጠቢያና የፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ተቀጣሪ አይደለሁም፤ መኪናዬ የዕቃ መያዣዬም ቢሮዬም ናት። እንደኔ በግላቸው ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ስለ ግብር ስናወራ ሁሌ የምሰማው "ደረሰኝ እኮ በፌስታል ሙሉ አለኝ" የሚል ነው። ጥሩ፣ ይኑር። ግን ደረሰኝ ስንት እንዳወጣችሁ እንጂ ለምን እንዳወጣችሁ አይናገርም። ግብር ከሚሰላበት ገቢያችሁ ላይ የሚቀነሰው ደግሞ ለሥራ የዋለው ወጪ ብቻ ነው። ያው ነዳጅ ደንበኛ ጋርም ይወስዳል፣ ዘመድ ጥየቃም ይወስዳል። ለየትኛው እንደዋለ የሚያሳየው የኪሎሜትር መዝገብ ነው።

የኔ መዝገብ በሾፌር በኩል ባለው የበር ኪስ ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ ደብተር ናት። እስክሪብቶው በክር ታስሯል፤ ካልታሰረ ደንበኛ ቤት ይቀራል። አንዱ መስመር እንዲህ ይነበባል፦ "ማክሰኞ። 48,210 – 48,233። ከወርክሾፕ ደንበኛ ቤት። የፍሪጅ ኮምፕሬሰር ቅየራ። 23 ኪ.ሜ.።" ሁለቱ ትልልቅ ቁጥሮች ስነሳና ስደርስ የኪሎሜትር ቆጣሪው ያሳየው ንባብ ናቸው። ሙሉ ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ ገጹ አናት ላይ እጽፋለሁ። ምክንያቱን "ለሥራ" ብላችሁ አትለፉት፤ ለሥራማ ሁሉም ይላል። የደንበኛውን ስም ወይም የቆረጣችሁለትን ደረሰኝ ቁጥር አስገቡ። ጥያቄ ከመጣ ደብተሩና ደረሰኙ ይመሳከራሉ።

ሞተር አጥፍታችሁ ከመውረዳችሁ በፊት ጻፉ። ማታ እጽፋለሁ ያለ ሰው ዓርብ ይደርሳል፣ ዓርብ ያለ ደግሞ ዓመቱ ያልቅበታል። ባንድ ቁጭታ የተሞላ መዝገብ ከሩቅ ያስታውቃል። ጉዞው ሁሉ 10፣ 20፣ 30 ኪሎሜትር ብቻ ነዋ! በዚያ ላይ ብዙ ጋራዦች መኪና ሰርቪስ ሲያደርጉ የቆጣሪውን ንባብ ደረሰኙ ላይ ይጽፋሉ። የግብር ተቆጣጣሪው ያንን ከደብተራችሁ ጋር ጎን ለጎን ካስቀመጠ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም። የግብር ዓመቱ ሲጀምርና ሲያልቅ ቆጣሪውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ደብተር የሚሰለቻችሁ አፕ ተጠቀሙ። በጂፒኤስ ጉዞውን ራሱ ይመዘግባል። የትኛው የሥራ፣ የትኛው የግል እንደሆነ ግን አፑ አያውቅም፤ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ቁጭ ብላችሁ መለየት አለባችሁ።

ብዙ ክርክር የሚያስነሳው ከቤት ወደ ሥራ ቦታ ያለው መንገድ ነው። ቋሚ የሥራ ቦታ ካላችሁ፣ ከቤት እዚያ ድረስ መሄድ በብዙ አገር ሕግ የግል ጉዞ ነው። ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው፣ ወይም ከወርክሾፕ መለዋወጫ ልትገዙ ስትሄዱ ግን የሥራ ነው። ዋናው የሥራ ቦታችሁ ቤታችሁ ከሆነ ስሌቱ ሊቀየር ይችላል፤ ይህን የአገራችሁን ሕግ የሚያውቅ የሂሳብ ሰው ጠይቁ። በመንገዳችሁ ልጅ ከትምህርት ቤት ለማምጣት ከታጠፋችሁ፣ የታጠፋችሁበት ኪሎሜትር የግል ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ። በብዛት የሚሠራባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ትክክለኛ ወጪን በድርሻ ማስላት ነው። መኪናዋ በዓመት 24,000 ኪሎሜትር ብትሄድና 15,000ው ለሥራ ቢሆን፣ የሥራው ድርሻ 62.5 በመቶ ነው። ነዳጅ፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ጥገና፣ ኢንሹራንስና የእርጅና ቅናሽ (መኪናዋ በየዓመቱ ስታረጅ ከዋጋዋ የሚቀነሰው) ተደምረው 80,000 ቢመጡ፣ ተቀናሽ የምታደርጉት 50,000 ነው። ሁለተኛው በኪሎሜትር ወይም በማይል የተተመነ ሂሳብ ነው፤ ለሥራ የነዳችሁትን ርቀት መንግሥት ባወጣው ተመን ታባዛላችሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2025 ለአንድ ማይል 70 የአሜሪካ ሳንቲም ይዛ ነበር። አውስትራሊያ በ2024–25 የግብር ዓመት ለኪሎሜትር 88 የአውስትራሊያ ሳንቲም ይዛ ነበር፣ ያውም በዓመት እስከ 5,000 ኪሎሜትር ድረስ ብቻ።

በተመኑ ከሄዳችሁ ነዳጅና ጥገና ለብቻው አይጠየቅም፤ ተመኑ ውስጥ አለ። ደግሞ መጠየቅ አንዱን ዕቃ ሁለቴ እንደመሸጥ ነው። ለሥራ የከፈላችሁት ፓርኪንግና የመንገድ ክፍያ ግን አሜሪካም እንግሊዝም ለብቻው ይያዛል። እኔ መኪናዬ አሮጌ ስለሆነች፣ ጋራዥም ስለማትጠፋ፣ ትክክለኛ ወጪው ያዋጣኛል። ነዳጅ የማትበላ ትንሽ መኪና ይዞ ብዙ ለሚነዳ ተመኑ ሊሻለው ይችላል። ሁለቱንም አስልታችሁ ሳታዩ አትወስኑ። አንዳንድ ቦታ ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል አይቻልም፦ እንግሊዝ ውስጥ ለአንድ መኪና አንዴ ተመኑን ከጀመራችሁ፣ ያቺን መኪና ለሥራ እስከተጠቀማችሁባት ድረስ በዚያው ትቀጥላላችሁ።

መኪናዋን በብድር ከገዛችሁ፣ የምትከፍሉት ዋናው ገንዘብ ወጪ አይደለም። ከትክክለኛ ወጪ ጋር የሚሄደው የወለዱ የሥራ ድርሻ ነው፤ የመኪናዋ ዋጋ በእርጅና ቅናሽ በኩል ይገባል። የትራፊክ ቅጣትን እርሱት፣ ለሥራ ስትሮጡ የተቀጣችሁትም ቢሆን።

ስለዚያ ፌስታል ደግሞ። የማደያ ደረሰኝ አብዛኛው በሙቀት የሚታተም ወረቀት ነው። ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ላይ ከተተወ ይደበዝዛል፣ ቆይቶም ነጭ ይሆናል። እኔ እዚያው ማደያው ላይ ጀርባው ላይ የቆጣሪውን ንባብ እጽፍና ፊትና ጀርባውን ፎቶ አነሳለሁ። ፎቶዎቹ በወር በወር ፎልደር ይገባሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ኤክሴል ላይ መደመር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ተቀናሽ ማለት ገንዘቡ ይመለስላችኋል ማለት አይደለም። 50,000 ብትቀንሱና ግብራችሁ 20 በመቶ ቢሆን፣ የሚቀርላችሁ 10,000 ነው። "ከታክስ ይቀነሳል" እያለ የማያስፈልገውን መኪና የሚገዛ ሰው 40,000ውን ከኪሱ ነው የሚያወጣው።

መዝገቡን ዓመቱ ስላለቀ አትጣሉት። ካናዳ 6 ዓመት አስቀምጡ ትላለች፣ ሌላውም አገር የራሱ ገደብ አለው። የመኪናዋን የግዢ ውል ደግሞ እስክትሸጧት፣ ከዚያም በኋላ ገደቡ እስኪያልፍ ያዙት። የእርጅና ቅናሽ ስትወስዱባት ከነበረ፣ የሸጣችሁበት ዋጋ በሂሳብ መዝገብ ከቀረው ዋጋዋ (ከግዢ ዋጋዋ የእርጅና ቅናሹ ተቀንሶ የሚቀረው) ከበለጠ ልዩነቱ ገቢ ሊባል ይችላል። ያንን ለማስላት መጀመሪያ የተገዛችበት ወረቀት ይፈለጋል።