ሳብዉፈር ስትገዙ ካርቶኑን አትመኑ

አዳማ ውስጥ ሳብዉፈር (ቤዙን የሚያወጣውን ስፒከር) ልትገዙ ከወጣችሁ ካርቶኑ ላይ ያለውን ዋት እርሱት፣ በተለይ ፒኤምፒኦ (ለቅጽበት ብቻ የሚደረስበት የተጋነነ ዋት) የሚል ከሆነ ቁጥሩ ለጉራ ነው። ስልካችሁ ላይ የ60፣ የ50፣ የ40 እና የ30 ኸርዝ (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል) ነጠላ ድምፅ ጭናችሁ ሂዱ። ቮሊዩሙን ሳትነኩ ከ60 ወደ ታች በሳብዉፈሩ አጫውቱትና ድምፁ የቱ ጋ ድክም እንደሚል፣ ከሳጥኑ ቀዳዳ የሚወጣው አየር ፉፍ ፉፍ ማለት የት እንደሚጀምር፣ ሳጥኑም ይንቀጫቀጭ እንደሆነ ስሙ። ዘፈን ይህን ይሸፍነዋል፤ ከቤዙ ጋር ከፍ ያሉ ድምፆችም ስላሉበት ደካማው ራሱ ጎበዝ ይመስላል። አንድ ቦታ ተገትራችሁ ግን አትፍረዱ። የ40 ኸርዝ ሞገድ 8 ሜትር ተኩል ገደማ ስለሚረዝም ክፍሉ ውስጥ ቤዙ የሚጠፋበት ቦታ ይኖራል፣ ወዲህ ወዲያ በሉ። ጆሯችንም ለዝቅተኛ ድምፅ ሰነፍ ነው፣ 30 ላይ ትንሽ ቢቀንስ አይግረማችሁ። ብቻ ቮሊዩሙን በጣም አትጨምሩት፤ ነጠላ ድምፅ ጮክ ብሎ ከቆየ ኮይሉን (ስፒከሩ ውስጥ ያለውን ጥምጥም ሽቦ) ሊያቃጥል ይችላል፣ ያኔ ከሻጩ ጋር መነታረክ ነው።