ሁለቱ ናሙናዎች ለምን አይስማሙም? ከውጭ በሚገቡ የእንስሳት ውጤቶች ናሙና ላይ የሚታዩ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ከጅቡቲ ተነስተው በጋላፊ የሚገቡት ከባድ መኪናዎች ሚሌን፣ አዋሽንና መተሐራን አልፈው አዳማ ሲደርሱ የጫኑት ዕቃ የቀናት ሙቀት ጠግቧል። የምኖረው አዳማ ነው፤ ሥራዬም ከዚህ እስከ ሞጆ ባለው መስመር ከዱቄት ወተት፣ ከቀዘቀዘ ዓሣ፣ ከቅቤና ከአይብ ናሙና መውሰድ ነው። የምንፈልገው የመድኃኒት ቅሪትንና እንደ አፍላቶክሲን (ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ) ያሉ በካዮችን ነው። ይህን የምጽፈው ለሙያ ባልደረቦቼ ስለሆነ ስለ ሰነድ ማመሳከር፣ ስለ ማኅተም ቁጥርና ስለ ጓንት መቀየር አልደግምም።

ምልክት፦ ለላቦራቶሪ የተላከው ናሙና ከገደብ በላይ ሆኖ ለክርክር የተቀመጠው መጠባበቂያ ናሙና ንጹሕ ሲወጣ

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው። አስመጪው ውጤቱን ይቃወማል፤ መጠባበቂያው ይመረመራል፤ ምንም አይገኝበትም። ወዲያው ጣት ወደ ላቦራቶሪው ይቀሰራል። ላቦራቶሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሰጠውን በትክክል መርምሯል። የተሰጡት ሁለቱ ናሙናዎች ናቸው ከመነሻው የተለያዩት።

አንደኛው ምክንያት የባች (በአንድ ጊዜ አብሮ የተመረተ ዕቃ) መደባለቅ ነው። አዳማ ዳር አንድ መጋዘን ፊት ቆሞ የነበረውን ኮንቴይነር አልረሳውም። ባለ 25 ኪሎ የዱቄት ወተት ከረጢት እስከ ጣሪያው ተደርድሮበታል። ፀሐዩ ይፋጃል፣ አራጋፊዎቹ አልመጡም፣ የአስመጪውን የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽመው ትራንዚተር ይቸኩላል። ቡድኑ በሩ አጠገብ ካሉት አምስት ከረጢቶች ወስዶ ሄደ። አፍላቶክሲን ኤም 1 (በወተት ውስጥ የሚገኘው የአፍላቶክሲን ዓይነት) ከገደብ በላይ ተገኘ። መጠባበቂያው ግን የተወሰደው በማግስቱ፣ ዕቃው በከፊል ከተራገፈ በኋላ፣ ከመሐል ነበር፤ ንጹሕ ሆነ። ክርክሩ ሳምንታት ፈጀ፣ የማቆያ ክፍያውም በየቀኑ ተቆጠረ። በመጨረሻ ሁሉንም አስራግፈን የየከረጢቱን ጽሑፍ ስናነብ ሦስት የባች ቁጥር አገኘን። ሦስት ባች ማለት በተለያየ ጊዜ፣ ምናልባትም ከተለያዩ እርባታዎች በተሰበሰበ ወተት የተመረተ ዱቄት ማለት ነው። አንዱ የሻገተ መኖ ከበሉ ላሞች ቢመጣና ሌላው ንጹሕ ቢሆን አይደንቅም። መርዙ ከመኖው ወደ ወተቱ ያልፋል፤ በማፍላትም በማድረቅም አይጠፋም። «ወተቱ እኮ ተፈልቶ ነው የደረቀው» የሚለውን ክርክር ስንት ጊዜ ሰማሁት! መከራከሪያ ሊሆን አይችልም።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የክርክሩ ርዝመት አይደለም። በዚያ ቀን በሩ አጠገብ የነበረው ንጹሑ ባች ቢሆን ኖሮ ጭነቱ በሙሉ ያልፍ ነበር፤ የተበከለው ዱቄትም የሕፃናት ጡጦ ውስጥ ይገባ ነበር።

መፍትሄው የናሙና መውሰጃውን ዘንግ ከማውጣት በፊት ይጀምራል። የባች ዝርዝሩን ከአስመጪው ጠይቁ፤ ዝርዝሩንም አትመኑ፣ ከረጢቶቹን አንብቡ። ኮንቴይነሩ ይራገፍ። መራገፍ ካልቻለ ቢያንስ እስከ ኋለኛው ግድግዳ ሰው የሚያስገባ መተላለፊያ ይከፈት። ይህም ካልተቻለ ናሙና አትውሰዱ፤ ቀጠሮ ስጡና ተመለሱ። ከረጢቶቹን በእጣ ምረጡ፤ እጅ ሁልጊዜ ወደ ቅርቡና ወደ ንጹሑ ከረጢት ይሄዳልና። ለእያንዳንዱ ባች የራሱ ናሙና ይኑረው። ሁለት ባች በአንድ ዕቃ ማደባለቅ የተበከለውን በንጹሑ አቅጥኖ መደበቅ ነው፤ ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ሳይመረምር ቢያሳልፍ ይሻል ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት አከፋፈሉ ነው። የአንዱን ከረጢት ለላቦራቶሪ፣ የጎረቤቱን ለመጠባበቂያ መስጠት መከፋፈል አይባልም። ከአንድ ባች የተወሰደው ሁሉ በአንድ ንጹሕ ዕቃ ይጠራቀም፣ በደንብ ይዋሐድ፣ ከዚያ ለሦስት ይከፈል፦ ለላቦራቶሪ፣ ለባለንብረቱ፣ ለመጠባበቂያ። እያንዳንዱ ድርሻ ከ500 ግራም እንዳያንስ መነሻው ከአንድ ኪሎ ተኩል መብለጥ አለበት። ባለንብረቱ እያየ ይታሸግ፣ ሁሉም በቦታው ይፈርሙ። ባዶ ከረጢት ላይ አስቀድማችሁ አትፈርሙ። በስስ ፌስታል አታምጡ፤ ይቀደዳል፣ እርጥበት ያስገባል፣ ማኅተምም አይይዝም። አፍላቶክሲን ኤም 1ም ሆነ ቴትራሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ብርሃን ስለሚጎዳቸው ዕቃው ብርሃን የማያስገባ ይሁን፣ ካልተገኘም በአሉሚኒየም ወረቀት ይጠቅለል። የቀዘቀዘ ዓሣ ሜዳ ላይ ሊዋሐድ አይችልም። ስለዚህ እንደቀዘቀዘ ይላክና ላቦራቶሪ ውስጥ ባለንብረቱ ባለበት ተፈጭቶ እዚያው ይከፈል።

ሦስተኛው ፍሪዘሩ ነው። አንድ ቦታ አራት ወር የተቀመጠ የዓሣ መጠባበቂያ ልናወጣ ሄድን። የሙቀት መመዝገቢያው በየቀኑ ከዜሮ በታች 20 ይላል፤ የአራት ወሩ ጽሑፍ በአንድ ብዕርና በአንድ ቀን የተሞላ ይመስላል። ፍሪዘሩ ሲገባ ግን በውኃ የተሞላ ብርጭቆ አስቀምጬ፣ ውኃው በረዶ ሲሆን አናቱ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አድርጌበት ነበር። ሳንቲሙን ብርጭቆው ሥር፣ በበረዶ ተይዞ አገኘሁት። መብራት ሄዶ ሁሉም ቀልጦ፣ ተመልሶ ረግቷል ማለት ነው። ያ ናሙና ለማንም ማስረጃ ሊሆን አልቻለም። ሳንቲሙን በየፍሪዘሩ አስቀምጡ፤ ወጪ የለውም፣ እንደ መዝገቡም አይዋሽም።

መብራት ባይጠፋም ሌላ አደጋ አለ። የፔኒሲሊን ወገን የሆኑ መድኃኒቶች ከዜሮ በታች 20 ላይ እንኳ በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየፈራረሱ ይሄዳሉ። ስለዚህ ከወራት በኋላ «ንጹሕ» የሆነ መጠባበቂያ በመጀመሪያው ቀን ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም። ፔኒሲሊን ከተጠረጠረ መጠባበቂያው ከዜሮ በታች 70 ወይም ከዚያ በታች ይቀመጥ። እንዲህ ያለ ፍሪዘር ከሌለ ክርክሩ በቀናት ውስጥ እንዲያልቅ አስገድዱ።

ምልክት፦ የዱቄት ወተት ውጤት ከገደቡ በብዙ እጥፍ ሲበልጥ

ከመደንገጣችሁ በፊት ቁጥሩ የዱቄቱ ነው ወይስ የተበጠበጠው ወተት ብላችሁ ጠይቁ። የኮዴክስ (የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ) ገደብ ለአፍላቶክሲን ኤም 1 በኪሎ ወተት 0.5 ማይክሮግራም ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ 0.05 ነው። አንድ ኪሎ ቅባቱ ያልወጣ ዱቄት ወደ ስምንት ሊትር ከሚጠጋ ወተት ስለሚወጣ በዱቄቱ 2 ማይክሮግራም ማለት በወተቱ 0.25 ገደማ ነው።

ምልክት፦ ቴትራሳይክሊን ወይም ሌላው አንቲባዮቲክ ክሎራምፌኒኮል በጥቂቱ፣ በማይጠበቅ ዕቃ ላይ ሲገኝ

የናሙና ወሳጁን ዐይን ተመልከቱ። አንድ ባልደረባችን ዐይኑን ታሞ ቲቲሲ (ቴትራሳይክሊን) ቅባት እየተቀባ ይሠራ ነበር፤ በላብ የራሰ ፊቱን በጓንቱ ይጠርጋል፣ በዚያው ጓንት ናሙናውን ይነካል። የዐይን ጠብታም ክሎራምፌኒኮል ሊኖርበት ይችላል። ክሎራምፌኒኮል ደግሞ ለምግብ እንስሳት ጨርሶ ያልተፈቀደ ስለሆነ ኢምንት መጠኑ እንኳ ጭነት ያስመልሳል። መድኃኒት ላይ ያለ ሰው በዚያ ሳምንት ናሙና አይንካ፤ መዝገብ ይያዝ።

የቀሩት አልፎ አልፎ የሚገጥሙ ናቸው። በቱና ወይም በሰርዲን ውስጥ ሂስታሚን (ዓሣው ሲበላሽ የሚፈጠር መርዛማ ንጥረ ነገር) ከአንዱ ዓሣ ወደ ሌላው እጅግ ስለሚለያይ በአንድ ናሙና አትወስኑ፤ ከአንድ ባች ዘጠኝ ውሰዱ። እርሳስና ካድሚየም ለሚመረመርበት ናሙና የዛገ ቢላዋ አትጠቀሙ። ፈጣን መመርመሪያ ስትሪፕ (የመድኃኒት ቅሪት መለያ ወረቀት) ቅሪት እንዳለ ቢያመለክት ጭነቱን ያዙ እንጂ አትመልሱ፤ ስትሪፑ የመድኃኒቱን ወገን እንጂ ስሙንና መጠኑን አይነግርም፣ ማረጋገጫው የላቦራቶሪው ነው።