የጓሳን የማለዳ ውርጭ እንዴት ፎቶ እናንሳው?

ሰሜን ሸዋ ባለው ደጋማ የሣር ሜዳ፣ መንዝ ጓሳ ላይ፣ የፈረንጅ አገር ዓይነት በረዶ አትጠብቁ። ውርጭ ግን አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱም ረጋ ባለበት ሌሊት፣ ሣሩ ነጭ ለብሶ ያድራል፤ ጠዋት ስትረግጡት ከጫማችሁ ሥር ይንኮሻኮሻል። ፀሐይ ካገኘችው ግን ወዲያው መቅለጥ ይጀምራል። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ለዚያች አጭር ጊዜ የሚደረግ ዝግጅት ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ዋዜማውን እዚያው እደሩ። በደብረ ብርሃን አልፋችሁ ጣርማበር ስትደርሱ ወደ መሐል ሜዳ የሚገነጠለውን መንገድ ያዙ፤ ጓሳ ከመሐል ሜዳ በፊት ነው። እኔ አንዴ ሌሊት ተነስቼ ከደብረ ብርሃን እደርሳለሁ ብዬ ስደርስ ውርጩ ቀልጦ እርጥብ ሣር ብቻ ጠበቀኝ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ጥብቅ ሥፍራው የማኅበረሰቡ ስለሆነ ከዚያው ሰው አስጎብኚ ያዙ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ የትኛው ገደል ላይ እንደሚያድሩ እሱ ያውቃል፣ ማታውኑ ጠይቁት።

ልብስ ላይ አትቀልዱ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ናችሁ። አንድ ወፍራም ጃኬት ከምትለብሱ ሳሳ ሳሳ ያለውን ደራርቡ፤ ዳገት ስትወጡ ያልባችኋል፣ ቆማችሁ ስትጠብቁ ደግሞ ያው ላብ ይቀዘቅዝባችኋል። የመንዝ ሰው በርኖስ የሚለብሰው በምክንያት ነው፣ የበግ ጸጉር እርጥበት ቢነካውም ሙቀት ይይዛል። ጓንት፣ ኮፍያ፣ የሱፍ ካልሲ፣ ኪስ ውስጥ ቆሎ። ለብርዱ ብላችሁ አረቄ አትቅመሱ፤ ያሞቀ ይመስላል እንጂ የሰውነታችሁን ሙቀት ወደ ቆዳ አውጥቶ ያባክነዋል። ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ ውሃ ጠጡ። ራስ ምታት ከጠናባችሁ ወደ ታች ውረዱ።

ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል። ትርፉን ከውስጥ ልብሳችሁ ኪስ ገላችሁ አጠገብ ያዙት፣ ስልካችሁንም እንደዚያው። አለቀ ያለው ባትሪ ሲሞቅ ጥቂት ሊሠራላችሁ ስለሚችል መልሳችሁ ኪስ ክተቱት።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ቦታ ያዙ። ፀሐይ በአፋር ቆላ በኩል 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ብቅ ትላለች። ከጎናችሁ እንድትሆን አድርጋችሁ መሬት ላይ ተኙ። ጠጋ ስትሉ ውርጩ ዱቄት ሳይሆን ጥቃቅን መርፌ ነው። አንዷን የጓሳ ሣር ሰበዝ ምረጡ፤ መርፌዎቹ ብርሃን ሲያገኙ ጫፋቸው ላይ ጠብታ ይቋጥራሉ፣ ያችን ጠብቁ። ትንፋሻችሁን ግን ከሌንሱ አርቁ። ደግሞ ካሜራ ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልማል፣ ውርጩ አመድ ይመስላል። ስለዚህ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን) ወደ +1 ጨምሩ። በስልክ ከሆነ ውርጩን ነክታችሁ ብርሃኑን ከፍ አድርጉ።

ጭላዳዎቹ ገደሉ ላይ አድረው ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ይመጣሉ፣ ቁጭ ብለውም ይሞቃሉ። ያኔ ወደ ፀሐይዋ ዞራችሁ ካነሳችሁት የወንዱ ጎፈር ዳር ዳሩ በብርሃን ይከበባል። አትቅረቧቸው፣ እናንተ ቁጭ ካላችሁ እነሱ እየጋጡ ይጠጓችኋል። ቀይ ቀበሮ ካያችሁማ ባላችሁበት ቁሙ። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም፤ ለፎቶ ብሎ ማሳደድ አይጥ አድኖ የሚበላበትን ሰዓት መንጠቅ ነው። እሳትም አታንድዱ። ያ ሣር የአካባቢው ሰው ቄሮ በሚባል የቆየ የጋራ መጠበቂያ ሥርዓት አጨዳውንም ግጦሹንም ለዓመታት እየዘጋ ያቆየው ነው።

ስትመለሱ፣ ሞቅ ያለ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ሚሞሪውን አውጡና ካሜራውን ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ቋጥሩት። ላቡ ሌንሱ ላይ ሳይሆን ፌስታሉ ላይ ይቀራል። አንድ ሰዓት ያህል አትክፈቱት፣ እስከዚያ ሻይ ጠጡ።