«ለበጎ ነው» ከማለታችን በፊት

ቪዛ ሲዘገይ፣ ትዳር ሲዘገይ፣ ልጅ ሲዘገይ «ለበጎ ነው» እንላለን። ቃሉን እወደዋለሁ። መዘግየት ውስጥ ምሕረት እንዳለም አምናለሁ። ግን በችኮላ ስንለው መጽሐፉ ያላለውን እንናገራለን።

የመጀመሪያው ስህተት መዘግየትን እንደ መረሳት መቁጠር ነው። ዮሐንስ ምዕራፍ 11ን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ጌታ ማርታን፣ እኅቷንና አልዓዛርን ይወድ እንደነበር ይነግረናል። ወዲያው ደግሞ የአልዓዛርን መታመም ሰምቶ እዚያው ሁለት ቀን መቆየቱን ይጽፋል። ፍቅሩ ተነግሮ ነው መዘግየቱ የመጣው። ሲደርስ አልዓዛር መቃብር ከገባ 4 ቀን ሆኖታል። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር ቅዱስ አውግስጢኖስ ጌታ ያስነሣቸውን ሦስት ሙታን በምስጢር ያነባቸዋል። ቤት ውስጥ የሞተችው የኢያኢሮስ ልጅ በልብ ያለ ኃጢአት ናት። ከከተማው ተሸክመውት ሲወጡ የነበረው የናይን መበለት ልጅ በሥራ የተገለጠ ኃጢአት ነው። መቃብር የቆየው አልዓዛር ደግሞ ልማድ የሆነ ኃጢአት። በዚህ ንባብ እነዚያ ሁለት ቀናት ምሕረት ናቸው። ጌታ ቶሎ ደርሶ በሽተኛውን ቢፈውስ ኖሮ፣ ለዓመታት በአንድ ልማድ የታሰረ ሰው ይህን ተስፋ ከየት ያገኝ ነበር?

ሌላው ምሕረቱን ለራስ ብቻ መፈለግ ነው። ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ጋ ይመስለኛል። የኢያኢሮስ ልጅ 12 ዓመቷ ነው፤ ልትሞት ነው። ጌታ ግን መንገድ ላይ ቆመ። 12 ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረች ሴት ልብሱን ነክታ ነበር። እሷን እያናገረ ሳለ የልጅቱ ሞት ተነገረ። ያቺ ደቂቃ ለአባት ምን ያህል እንደምትረዝም ወላጅ ያውቀዋል። ለሴትዮዋ ግን 12 ዓመት የጠበቀችው ሰዓት ነበር። ሁልጊዜ «ለእኔ ምን ጠቀመኝ?» ብለን ከፈለግን ይህን ምሕረት አናየውም።

ሐዘንተኛን በዚህ ቃል ማጽናናትም አለ። እኔም አድርጌዋለሁ። ለቅሶ ቤት ልጇን ካጣች እናት አጠገብ ተቀምጬ «ለበጎ ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችም። ዓይኗ እስካሁን አይረሳኝም። አልዓዛርን እንደሚያስነሣው የሚያውቀው ጌታ እንኳ መጀመሪያ አለቀሰ። ማርታ «እዚህ ብትሆን ኖሮ» ስትለውም አልተቆጣትም።

ሰው ያጓተተውን ጉዳይም በእግዚአብሔር አናሳብ። ዳኛ ፍርድ ያዘገየባት የሉቃስ 18ቷ መበለት «ለበጎ ነው» ብላ ቤቷ አልተቀመጠችም። ዳኛው እስኪሰለች ድረስ ተመላለሰች። ጌታም ዳኛውን ዐመፀኛ ነው ያለው።

የተጨመረልንን ጊዜ ዝም ብሎ ማሳለፍስ? ጴጥሮስ ጌታ የሚታገሠው ሁሉ ለንስሐ እንዲደርስ ነው ይላል። በሉቃስ 13 ላይ ለ3 ዓመት ፍሬ ያጣችውን በለስ ባለቤቱ ሊያስቆርጣት ነበር። አትክልተኛው ግን አንድ ዓመት ለመነላት። የለመነው ዙሪያዋን ሊኮተኩትና ፋንድያ ሊያፈስባት ነው። ዓመቱ ሲሞላ በለሷ ምን እንደሆነች ምሳሌው አይነግረንም።