የልጃችሁን የእጅ አጠቃቀም ከባለሙያ ጋር ሆናችሁ እንዴት ትገመግማላችሁ?

አንድ እጁን በደንብ የማይጠቀም ልጅ ምርመራ ክፍል ገብቶ "በግራ እጅህ አንሳት" ሲባል ኳሷን ያነሳል። ቤት ግን ያው እጅ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ማንም አልዋሸም። ምርመራ ክፍል የታየው ሲጠየቅ የሚችለው ነው፤ ቤት የሚታየው ደግሞ ሳይጠየቅ የሚያደርገው። አንዱ ብቻውን ግማሽ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከቀጠሮው አንድ ሳምንት በፊት፣ ቤት ውስጥ ነው። ሲለብስ፣ ሲበላ፣ ሲታጠብ፣ ሲጫወት እዩትና ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። "እጁ ደካማ ነው" ማለት ለባለሙያው ብዙም አይነግረውም። "ጃኬቱን ሲዘጋ ግራ እጁ ጫፉን አይዝለትም፣ በአገጩ ተጭኖ ነው ዚፑን የሚስበው" ብትሉት ግን ብዙ ነገር ይገባዋል። ጠዋትና ማታ ልዩነት ካለው፣ ያመኛል ካለ፣ እናንተም የቱ ላይ እንደምታግዙት ይጻፍ (ማገዝ ልማድ ስለሚሆን ብዙ ወላጅ ማገዙን ራሱ ይረሳዋል)።

ቀጥሎ በስልካችሁ ቅረጹት። ሁለት እጅ የሚፈልግ ነገር ምረጡ፤ ክዳን መክፈት ወይም ወረቀት በመቀስ መቁረጥ ይሆናል። ሁለቱም እጆች ከነክንዳቸው ይታዩ፣ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይበቃል። "በዚያኛው እጅህ" እያላችሁ ግን አትጎትጉቱት።

ቀጠሮው ላይ ባለሙያው መለኪያ ሊጠቀም ይችላል። ለምሳሌ ሴሬብራል ፓልሲ (በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ላለባቸው ከ4 እስከ 18 ዓመት ልጆች ማክስ (MACS) የሚባል ባለ 5 ደረጃ የእጅ አጠቃቀም ምደባ አለ። ደረጃ 1 ዕቃን በቀላሉ የሚይዝና የሚጠቀም ልጅ ነው፣ ደረጃ 5 ዕቃ መያዝ የማይችል። ይህ ደረጃ በፈተና አይወጣም። ልጁን በደንብ የሚያውቅ ሰው ተጠይቆ ነው የሚሰጠው፤ የሚያየውም ሁለቱ እጆች አብረው በየዕለቱ የሚሠሩትን እንጂ የእያንዳንዱን እጅ ጉልበት አይደለም። እዚህ ላይ ዋናው አዋቂ ወላጅ ነው። የመገጣጠሚያውን መታጠፍ፣ የጭብጡን ኃይል፣ የመዳሰስ ስሜቱን ለባለሙያው ተዉለት።

ባለሙያ ከሆናችሁ ደግሞ ልጁን ከመንካታችሁ በፊት "በቀን ውስጥ ከሁሉም የሚያስቸግረው ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ወላጁ ያለውና እናንተ ያያችሁት ካልተገጣጠመ ወላጁን ለማረም አትቸኩሉ፤ ቪዲዮውን አብራችሁ እዩ። ልዩነቱ ራሱ ትልቅ መረጃ ነው፣ ምክንያቱም እጁ እየቻለ የማይጠቀምበት ልጅና እጁ ጨርሶ እምቢ ያለው ልጅ የሚያስፈልጋቸው ልምምድ አንድ አይደለም።

ልጁንም ጠይቁት። እናቱ ራሱ ለብሶ እንዲወጣላት ትፈልግ ይሆናል፣ እሱ ግን ብስክሌት መንዳት ሊፈልግ ይችላል። የሚለማመደው እሱ ስለሆነ የእሱን አትዝለሉ። አንድ ወይም ሁለት ግብ ምረጡ፣ አሁን ምን ያህል እንደሚሠራው ከ1 እስከ 10 ነጥብ ስጡት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ ሥራ በያው ዕቃ እንደገና ቅረጹት።

አንድ ነገር ግን የሳምንት ማስታወሻም ቀጠሮም አይጠብቅም። 1 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሁልጊዜ አንድ እጁን ብቻ የሚዘረጋ፣ ሌላውን ጨብጦ የሚይዝ ከሆነ "ግራኝ ሊሆን ነው፣ ቀኝ ሊሆን ነው" ብላችሁ አትለፉት። ቶሎ ለሐኪም አሳዩት።